ምርቃት እጅ የለውም

ማንጎ አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አሽትቻለሁ! አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፣ እና በሁለት እጄ ይዤ፣ አፍንጫዬን ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሽትቻለሁ። ልቤ እንዴት እንደመታ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አሁን ሳስበው ደሞ ፊቴ እሳት ይሆናል። በቃ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ነገሩ የጀመረው የአክስቴ የሰሎሜ ወገብ ሲያዝ ነው። አክስቴ ጉሊት ላይ ጎመንና ቃሪያ ትሸጣለች። አልጋ ላይ ሆና፣ "ትንግርት፣ እስክነሳ አንቺ ተቀመጪልኝ። ደንበኛ ሁለት ሳምንት ካላየሽ ይረሳሻል" አለችኝ። እኔ ደሞ ደስታዬ! ትምህርት ቤት ለሙቀት ዕረፍት ተዘግቷል፣ ቤት ውስጥ ጣሪያ ከማይ ጉሊት ላይ ሰው ባይ አይሻልም?

ጉሊታችን ያለው ድሮ ዋናው የመኪና መንገድ በነበረው አስፋልት ላይ ነው። ግማሹ አስፋልት ላይ በርበሬ ይሰጣል፣ ግማሹ ላይ እኛ ማዳበሪያ ዘርግተን እንቀመጣለን። ጥግ ላይ የቆሙት ሦስት አሮጌ አይሱዙዎች ውስጥ ዶሮዎች ያድራሉ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት እንዘረጋለን፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የጥላ ደወል ይደወላል፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። አክስቴ ልጅ እያለች እዚህ ከተማ በጠራራ ፀሐይ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ይሄድ ነበር አሉ። በብርድ! እኔ ብርድ የማውቀው ክሊኒክ ውስጥ የክትባቱን ክፍል ሲከፍቱት ነው።

ሕጉን ሕፃን ያውቀዋል። በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ውስጥ ያልበቀለ ነገር ጉሊት ላይ አይሸጥም። ገዢ ይመጣል፣ መደቡን ያያል፣ "የማን እጅ ነው?" ይላል። አንቺ "የአቶ ናሆም እጅ ነው፣ ከወንዙ ማዶ፣ ዛሬ ጠዋት የተቀነጠሰ" ትያለሽ። ያላመነ በእግሩ ሄዶ አቶ ናሆምን ይጠይቃል። ከሩቅ የሚመጣው ጨውና መድኃኒት ምናምን ብቻ ነው፣ እሱም በባቡር።

የድሮ ሰዎች ሲያወሩ ደሞ እንዴት እንደሚያስቁኝ! ነጭ ሽንኩርት ባህር ተሻግሮ ይመጣ ነበር ይላሉ። ሽንኩርት!

"ፓስፖርት ነበረው?" አልኳት አክስቴን።

"ከእኔ የተሻለ ቪዛ ነበረው" አለችኝ። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "አትሳቂ። ያ ሁሉ መኪና በበራችን ነበር የሚያልፈው። ነጭ አንሶላ አስጥተን ጥቁር አንሶላ ነበር የምናነሳው። ሕፃን ሁሉ እንደ ሽማግሌ ይስል ነበር። አንቺ ስለማትስይ ነው የምትስቂው" አለችኝ።

እኔ ግን ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ስቄ ነው ያደግኩት።

ከአጠገቤ የሚቀመጡት እትዬ ፌቨን ናቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ሰባት የዘይቱን ዛፎች አሏቸው። መሬቱ ድሮ የጭነት መኪና ማደሪያ ነበር። አፈሩ ናፍጣ ጠጥቶ ሣር እንኳን አያበቅልም ነበር አሉ። እሳቸው ናቸው ላዩን በቅርጫት እያወጡ፣ የቀረውን እያጠቡ፣ ብስባሽ እያለበሱ በስድስት ዓመት ያዳኑት። በእግር አንድ ሰዓት ሙሉ ብትዞሩ ሌላ ዘይቱን የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ይሄዳል። እኔ ጋ ግን ዝንብ እንኳን ዞር አይልም።

"አንቺ ቀበጥ!" ይሉኛል ደሞ። "ጎመኑ ላይ ውሃ አርከፍክፊበት እንጂ! ካንቺ ቀድሞ ሊተኛ ነው እኮ።"

ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን እርር ይላል። እንዴት አድርጌ እንደምበልጣቸው ብቻ ነበር የማስበው። ታስቡታላችሁ? በዘይቱን ከሚኖሩ ሴትዮ ጋር ፉክክር!

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው፣ ጓደኛዬ ወለላ ከረጢት ታቅፋ እየሮጠች መጣች። አጎቷ ባቡር ላይ ነው የሚሠራው።

"ትንጊ፣ ምንም ሳትጠይቂ አሽትቺ!"

አሸተትኩ። አፍንጫዬን ለጠፍኩበት።

"ምንድነው?"

"ማንጎ።"

"ውሸታም!"

"እማምላክን! አጎቴ ከቆላ ነው ያመጣው፣ ከረጢት ሙሉ። እናቴ ካየችው ግን አለቀልኝ። አንቺ ጋ ደብቂልኝ።"

አይሱዙው ኋላ ሄደን አንዱን ቆረጥነው። ኧረ ቢጫው! ኧረ ጭማቂው በክንዴ ሲወርድ! እስከ ክርኔ ላስኩት። ወለላ ፍሬውን እየመጠጠች "የድሮ ሰዎች ይሄን በየቀኑ እየበሉ ነው ስለ ድሮ የሚያለቃቅሱት?" አለች። እንደ እብድ ሳቅን፣ ዶሮዎቹ ሁሉ ደነገጡ።

ሁለተኛውን ስቆርጠው ውስጡ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል። መሃሉ ላይ ነጭ ትል አለ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክል። ተጠማዘዘና ዘለለ። እውነቴን ነው፣ ዘለለ! ወለላ ጮኸች፣ እኔ "ሂድ ወዲያ!" ብዬ ማንጎውን እንዳለ ከጉሊቱ ጀርባ ያለው የብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ወረወርኩት። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ልጣጭና ገለባውን እዚያ ነው የሚጥለው፣ ሲበሰብስ ደሞ ለጓሮው ከዚያው ይወስዳል።

አላሰብኩበትም ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አስቤበታለሁ። ሦስተኛ ክፍል እያለን የተማርነው ነው፤ የሩቅ ፍሬ ትል ካለው አይጣልም፣ አይቀበርም፣ ይቃጠላል፣ በሠፈሩ ሸንጎ በክቡ ለሚፈርደው ዳኛ ይነገራል። መዝሙር ሁሉ አለው፣ በጭብጨባ። ትዝ አለኝ። ግን ብናገር የቀረው ማንጎ በሙሉ እሳት ውስጥ ሊገባ ነው፣ የእኔም ሐሳብ አብሮት። ምክንያቱም ሐሳቡ ቢላዋውን እየጠረግኩ እያለሁ መጥቶልኝ ነበር።

መሸጥ ክልክል ነው። መርቆ መስጠትን ግን ማን ከለከለ?

መቼም ጉሊት ሳትመርቁ አትሸጡም። አንድ መደብ ቃሪያ የገዛ ሰው አንድ ሁለት ፍሬ ከላይ ካልጨመራችሁለት ነገ ሌላ ሰው ጋ ነው የምታገኙት። እኔ ማንጎውን ስስ ስስ አድርጌ ቆረጥኩና እያንዳንዱን በጎመን ቅጠል ጠቀለልኩት።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ሶልያና ናቸው፣ የክቡ ዳኛ የጋሽ ኢዮስያስ ሚስት። ልብ በሉ፣ የዳኛው ሚስት!

"ጎመኑ የማን እጅ ነው?"

"የአቶ ናሆም እጅ ነው፣ እትዬ።"

"እሺ፣ ምርቃቴንስ?"

ጥቅሏን ሰጠኋቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ቀጥ አሉ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ።

"ይሄስ የማን እጅ ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ምርቃት ነው እትዬ፤ ምርቃት እጅ የለውም!"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እትዬ ሶልያና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ ከነቅጠሉ ዋጡት፣ ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው፣ "ነገም ጎመን ያስፈልገኛል" አሉ።

በማግስቱ ሰልፍ ነበር! ሰልፍ ነው የምላችሁ፣ እስከ በርበሬው ድረስ! ከተማው በሙሉ ፍየል ሆነ፣ ጎመን ጎመን ጎመን። ማንም ማንጎ የሚል ቃል አላወጣም። "ያቺን ነገር" ነው የሚሉት። ያቺን ነገር ጣል አድርጊልኝ። ያቺ ነገር አልቃለች እንዴ? ዕንቁላል የሰረቀ ይመስል ሁሉም ቅጠሏን በእጁ ጨብጦ ይሄዳል። እኔ ደሞ ጉንጬ እስኪያመኝ እየሳቅኩ ነው። ንግሥት ነበርኩ በቃ።

እትዬ ፌቨን ጋ ዘይቱኑ ቁልል እንዳለ ዋለ። ዘወር ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ጎመንሽ ምን ተገኘለት?"

"ውሃ አርከፈከፍኩበት!" አልኳቸው።

ከልባቸው ሳቁ። "በይ እንኪ፣ ለጎበዝ ነጋዴ" ብለው ከራሳቸው መደብ ትልቁን ዘይቱን መርጠው ሰጡኝ። በላሁት። ምርቃቴን ግን አልጠየቁኝም። ሰልፉ ውስጥ አልገቡም፤ በሌላ ሰው ደንበኞች መሃል መግባት ነውር ነው ይላሉ።

ማንጎው በአራት ቀን አለቀ፣ አክስቴም ተነሳች፣ እኔም ወደ ጣሪያዬ ተመለስኩ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ለአክስቴ ውሃ ላቀብል ጉሊት ሄጄ ቆሜያለሁ። እትዬ ፌቨን ለደንበኛ ሊያሳዩ አንድ ዘይቱን ለሁለት ከፈሉ። ሁለቱን ግማሽ መልሰው ገጠሙት። ሌላ ከፈሉ፣ ገጠሙት። ሌላ። ደንበኛዋ ጎንበስ ብላ አየችና "ውይ!" ብላ ወደኋላ ሸሸች። ከአንዱ ግማሽ ላይ ነጭ ነገር ዘለለና አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

እኔ አወቅኩት። አዘላለሉን አወቅኩት።

የጥላ ደወል እንደተደወለ ሰው ሁሉ መጠለያው ስር ተሰበሰበ። ጋሽ ኢዮስያስ መሃል ቆሙ፤ ለስላሳ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

"ፌቨን፣ ይሄ ትል የዚህ አገር አይደለም" አሉ። "ድሮ ብርዱ ነበር የሚከለክለው። ብርዱ ከሄደ ወዲህ የሚከለክለው ርቀቱ ብቻ ነው። ሰው ካላመጣው በእግሩ አይመጣም። የሩቅ ፍሬ አስገብተሻል?"

"አላስገባሁም።"

"ለዘር እንኳን?"

"ኢዮስያስ፣ እኔን ነው እንዲህ የምትጠይቀኝ? ስድስት ዓመት ያጠብኳት አፈር ትዋጠኝ አላስገባሁም!"

ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ "ምን ይታወቃል፣ አዲስ ዓይነት ፈልገው ይሆናል" አለ። ይሄ ሰውዬ አራቱንም ቀን ጎመን ገዝቷል። እትዬ ሶልያና የነጠላቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ያስተካክላሉ። ሁሉም ጫማውን ያያል። እዚያ ጥላ ስር ከተቀመጠው ሕዝብ መካከል ማንጎ ያልቀመሱት እትዬ ፌቨንና አክስቴ ብቻ ነበሩ።

እኔ የት ነበርኩ? አክስቴ ጀርባ። በወገቧ ተከልዬ።

ተፈረደ። ትሉ ዝንብ ሆኖ ወደ ሌላ ጓሮ ሳይሻገር ሰባቱም ዛፎች ይቆረጡ፣ ከነፍሬያቸው ይቃጠሉ። አፈሩ ሁለት ዓመት ተሸፍኖ ይክረም። እትዬ ፌቨን ደሞ ከጉሊት ይነሱ፣ የሩቅ ዕቃ ያስገባ ሰው ቦታ የለውምና። እትዬ ፌቨን አልተከራከሩም። "የመጀመሪያውን እኔ ልቁረጠው" ብቻ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቆረጡት። መጥረቢያው አልታዘዝ ሲላቸው ቆም ይሉና ግንዱን መታ መታ ያደርጉታል፣ ልክ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ከዚያ ወንዶቹ ቀጠሉ። እኛ ወጣቶቹ የወደቀውን ፍሬ ለቅመን ከረጢት ውስጥ እንጨምራለን፣ ከረጢቱ እሳት ውስጥ ይገባል። ሽታው ደስ ይላል። ይሄ ነው የሚያስጠላው፣ ሽታው ደስ ይል ነበር።

ወለላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ዝም በይ፣ እሺ? አሁን ብትናገሪ ዛፉ አይነሳ።"

ስድስቱ ወደቁ። ሰባተኛው ረጅሙ ነው፣ ጫፉ ላይ ፍሬ አለ። እትዬ ፌቨን ወደ እኔ መጡ።

"ትንግርት፣ አንቺ ቀላል ነሽ፣ ወጥተሽ አውርጂልኝ። ሲወድቅ ፈርጦ እንዳይበተን።"

ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ሳይ የሠፈሩ ሰው ራስ በሙሉ ይታየኛል። እትዬ ፌቨን ከታች ነጠላቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል።

"ቀስ በይ!" አሉኝ። "እንዳትወድቂ፣ የኔ ልጅ!"

በቃ። አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ማንጎ ነው! ምርቃቱ ማንጎ ነበር! እኔ ነኝ ያመጣሁት!"

ቀና ያለ ሰው የለም። ዛፍ ላይ የወጣች ልጅ ጉሮሮዋ እስኪበጠስ እየጮኸች ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። እትዬ ፌቨን ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ውረጂ" አሉኝ። "ዛፉ ይቆረጣል።"

ስወርድ ጋሽ ኢዮስያስ፣ "ትል እንዳለበት ታውቂ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

"አላወቅኩም" አልኳቸው።

እዚያ ላይ፣ ጥፍሬ ውስጥ የዛፉ ቅርፊት እንዳለ፣ ዋሸሁ።

የእትዬ ፌቨን ቦታ ተመለሰላቸው። የሚሸጡት ነገር ግን አመድ ሆኗል። ለእኔ የተፈረደው ባዶ መደብ ነው። አርባ ቀን ጉሊት ላይ ማዳበሪያ ዘርግቼ፣ ምንም ሳላስቀምጥበት እቀመጣለሁ። ማንም ሰው ቆም ብሎ "ምን ትሸጫለሽ?" ካለኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያደረግኩትን እነግረዋለሁ። ሌላ ቅጣት የለውም። እኔ "ይሄ ብቻ?" ብዬ ነበር፣ ቂል!

አክስቴ ምንም አልጮኸችብኝም። "ሠላሳ ዓመት 'የማን እጅ ነው' ስባል አፍሬ አላውቅም" አለችና አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያ ወገብ እንኳን አልከለከላትም።

የመጀመሪያው ቀን ዛሬ ነው። በአስራ ሁለት ሰዓት ዘረጋሁ። ሰው ያልፋል። እኔ ተዘጋጅቻለሁ፣ ሌሊቱን ሁሉ ስለማመደው ነው ያደርኩት። የሚጠይቀኝ ግን የለም! ያ ሁሉ ሰልፈኛዬ አጠገቤ ሲደርስ ሰማይ ያያል፣ ዶሮ ይቆጥራል። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሰው እንዲሰድበኝ እንዴት እንደጓጓሁ!

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ፌቨን በርጩማቸውን ይዘው መጡ። አጠገቤ የራሳቸውን ማዳበሪያ ዘረጉ። ምንም የለበትም። ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩና ሳያዩኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ምን ትሸጫለሽ?" አሉ።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ ያውቁታል።"

"ጠይቄሻለሁ።"

ጀመርኩ። ወለላን፣ ከረጢቱን፣ አይሱዙው ኋላ የበላነውን። እስከ ሁለተኛው ማንጎ ድረስ ደህና መጣሁ። እዚያ ላይ የማዳበሪያዬን ጫፍ ማጠፍ ጀመርኩ።

"እሺ?" አሉ።

"ሁለተኛው ውስጥ ትል ነበር።"

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ።

"አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ። ዘሏል። መቃጠል እንዳለበትም አውቅ ነበር።"

"የት ጣልሽው?"

"ብስባሹ ጉድጓድ ውስጥ። ማክሰኞ።"

"እኔ ረቡዕ ነው ብስባሽ የወሰድኩት" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ቅርጫቱን ያሸከምኩዎት እኔ ነኝ።"

አላለቀሱም፣ አልሰደቡኝም። በርበሬው ላይ የሚነፍሰው ንፋስ ዓይናችንን እያቃጠለን ተቀመጥን። ይነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሱም። ማዳበሪያቸው ጫፉ ሲገለበጥ ጎንበስ ብለው አስተካከሉት።

ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። አገጫቸውን ወደ መንገዱ ማዶ ቀሰሩ። እትዬ ሶልያና ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ የአስፋልቱን ዳር ዳር ይዘው እየሄዱ ነው።

"አሁን ለእኔ ያልሽውን ድገሚው" አሉኝ እትዬ ፌቨን። "ከነትሉ። ከነምርቃቱ። ከፍ አድርገሽ፣ እዚያ ድረስ እንዲሰማ።"

እትዬ ሶልያና እርምጃቸውን አፈጠኑ። እኔም ብድግ አልኩና ድምፄን ለቀቅኩት።